ገና ያልተወለደው መታወቂያ

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ልማረርበት ሳይሆን ልኮራበት ነው። የወፍጮ ሞተር መጠገን የተማርኩት ፈትቼ ነው። እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያውን ሞተር መልሼ ስገጥመው አራት ብሎን ተርፎኛል፤ ሞተሩ ግን ያለ አራቱ ብሎን ተንደቅድቆ ተነሳ። ከዚህ የምንረዳው ሞተሩን የሠሩት ሰዎች ብሎን አባካኞች መሆናቸውን ነው። እንግሊዝኛም ያስተማረኝ የለም፤ ከውሃ ፓምፕ መመሪያ ላይ አንድ በአንድ ለቅሜ ነው የያዝኩት። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ከፈረንጅ ጋር ስገናኝ «እንደምን አደርክ?» ከማለት ይልቅ «ከማስነሳትህ በፊት የዘይቱን ልክ ተመልከት» ማለት የሚቀለኝ።

ኮምፒውተር የያዝኩትም በዚሁ መንገድ ነው። ወፍጮውን ለልጆቼ ለቅቄ ቤት መዋል ስጀምር ጉልበቴ ቢደክምም አእምሮዬ እንደ ጎረምሳ ይዘል ነበር። ለዚህ ምስክሩ እኔው ነኝ፤ ሌላ ምስክር የሚያስፈልግም አይመስለኝም። አንድ ህንዳዊ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ እየከፈትኩ፣ እሱ ሲፈጥን እያቆምኩት፣ ሲያቆም እየሰደብኩት፣ በሁለት ክረምት ጨረስኩት። ባለቤቴ «ይኼ ህንድ ቤታችን ከገባ ወዲህ ከእኔ ጋር አውርተህ ታውቃለህ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አልመለስኩላትም፤ ቪዲዮ እያየሁ ነበር።

እዚህ ደባርቅ ወደ ስሜን ተራራ ለሚወጣ እንግዳ በቅሎ የምናከራይ ሰዎች ማኅበር አለን። እኔም አንዲት በቅሎ ስላለችኝ አባል ነኝ። በቅሎ የሚወጣው በተራ ነው። ጠባችንም፣ እርቃችንም፣ ስብሰባችንም ይኸው ተራ ነው። ድሮ ተራው በደብተር ይያዝ ነበር። ደብተሩን ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ይሮጥና፣ ማን ከማን ይቀድም እንደነበር የሚያስታውሰው ድምፁ ጎላ ያለው ሰው ብቻ ይሆናል። ይህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ብችል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ሁለት፣ ከተዘጋ ፎቶ ቤት ደግሞ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አሰባስቤ፣ ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ደረደርኳቸውና ሦስቱን በኩበርኔቲስ አስተሳሰርኳቸው። ኩበርኔቲስ ምን መሰላችሁ? የሲራራ ነጋዴ ነው። ኮምፒውተሮቹ በቅሎዎች ናቸው። ሥራው በየኮንቴይነሩ ተከፋፍሎ ይታሸጋል፤ ኮንቴይነር ማለት አንድ ፕሮግራም ከነስንቁ የሚቀመጥበት ሳጥን ነው። ነጋዴው የትኛው ሳጥን በየትኛዋ በቅሎ ላይ እንደሚጫን ይወስናል፤ አንዷ ብትወድቅ ጭነቷን አንስቶ ለሌላዋ ያሸክማል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር ለበቅሎ አከራዮች ማስረዳት ምን ይከብዳል ብዬ ስብሰባ ላይ ቆምኩ።

«ሥራው በኮንቴይነር ይሆናል» ስል ሊቀመንበራችን አቶ ደሳለኝ እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ ቦታው የት ነው? አስፋልቱ ዳር ነው ወይስ ከገበያው ጀርባ?»

«የምን ቦታ?»

«የኮንቴይነሩ ነዋ! ከመንገድ ዳር ከሆነ ግማሹን ለሱቅ እናከራየው።»

የሚታይ ኮንቴይነር እንዳልሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የማይታይ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። ጭራሽ አንዱ አባል «ኩበርኔቲስ» የሚለውን ቃል «ኩበትነት» ብሎ አነሳውና፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያን ሁሉ የደከምኩበት ሥራ በደባርቅ ከተማ ኩበትነት ተብሎ ቀረ። «ኩበትነቱ ዛሬ ይሠራል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ላድርግ? «ይሠራል» እላለሁ።

የወንድሜ ልጅ ሰናይት አዲስ አበባ ይህንኑ ሥራ የምትሠራ መሐንዲስ ናት። ደውዬ ብነግራት «ጋሼ፣ ለስልሳ በቅሎ ኩበርኔቲስ? ይኼ እኮ ሚሊዮን ደንበኛ ያለው ድርጅት የሚጠቀምበት ነው! አንድ ደብተር ከነፕላስቲክ ሽፋኑ ብትገዛ ይበቃሃል» አለችኝ። ሁለት ሳምንት አላናገርኳትም።

አራት ወር ግን እንደ ሰዓት ሠራ። አንዱ ሳጥን የተራ መዝገቡን ይይዛል። አንዱ ተራው ለደረሰው ሰው በስልኩ መልእክት ይልካል። አንዱ ደግሞ የተራራውንና የጭላዳ ዝንጀሮውን ፎቶ ለእንግዳ ያሳያል። ሰው የሠራው ነገር ሲሠራለት ቁጭ ብሎ ቢደሰት ምን ነበረበት? እኔ ግን የዚያን ህንዳዊ አንድ ቪዲዮ ጨምሬ አየሁ።

ቪዲዮው እንዲህ ይላል፤ ካልከለከልካቸው በቀር በአንድ ክላስተር፣ ማለትም በተሳሰሩ ኮምፒውተሮች፣ ውስጥ ያሉ ሳጥኖች ሁሉ እርስ በርስ እንዳሻቸው ይነጋገራሉ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ይኼ ማለት እኮ፣ ያ የጭላዳ ፎቶ የሚያሳየው፣ ከውጭው ዓለም ጋር ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ሳጥን፣ ቢያሻው የተራ መዝገቡ ቤት ሳያንኳኳ ይገባል! ሌባ በፎቶው በኩል ቢገባስ? ተራ ቢቀይርስ? ለአራት ወር በሩን ከፍቼ ተኝቻለሁ ማለት ነው።

በማግስቱ ስብሰባ ጠራሁና አወጅኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም!»

ከኋላ አንድ አባል ተነሳ። «ከሚስቴ ጋርስ?»

«አንተ እስካሁን ያለ ፈቃድ ነው እንዴ የምታናግራት?» አለው ጎኑ ያለው።

ሳቁ አላስቀጠለኝም። ነገር ግን ያልኩትን የማደርግ ሰው ነኝና ኮምፒውተሮቹ ጋ ተቀምጬ በሮቹን ሁሉ ዘጋሁ። ሁሉንም። «መግባት ክልክል ነው፣ መውጣት ክልክል ነው» የሚል ትእዛዝ በየሳጥኑ ደጃፍ ለጠፍኩ፤ ቀጥሎ ለሚፈቀድላቸው ብቻ ቀዳዳ ከፈትኩ። መልእክተኛው ሳጥን ከመዝገቡ ጋር ይነጋገር አልኩ፤ ፎቶው ከማንም ጋር አይነጋገር። እንዲህ ያለ ሥርዓት ቤቴም ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ሁሉም ነገር ቆመ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለካ እነዚህ ሳጥኖች የሚፈላለጉት በስም ነው። መልእክተኛው «መዝገብ የሚባለው ቤቱ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ስም አዋቂ ሳጥን አለ። በየሰፈራችን የማን ቤት የት እንደሆነ የምታውቅ አንዲት ሴት አትጠፋም አይደል? እሷን ነው የሚመስለው። እኔ በሩን ሁሉ ስዘጋ ወደ እሷ የሚወስደውንም ዘግቼዋለሁ። መልእክተኛው ወደ መዝገብ እንዲሄድ ፈቅጄለታለሁ፤ መንገድ እንዲጠይቅ ግን አልፈቀድኩለትም። በሰው አገር አቁሜ «ሂድ ግን አትጠይቅ» እንዳልኩት ቁጠሩት።

በእነዚያ ሁለት ቀናት መዝገቡ ስላልተከፈተ አቶ ደሳለኝ ዕጣ አወጣ። ተራዋ ደርሶ ሳለ ዕጣው ያልወጣላት ወይዘሮ ጥሩዬ ናት። ጥሩዬን ላስተዋውቃችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ደባት መውረጃ ላይ ትኖራለች፤ ያላት አንዲት ዳማ በቅሎ ናት። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ስብሰባ ላይ ስትናገር ጎኗ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚሰማት። እኔ ይህን ሁሉ የደከምኩት እንደ እሷ ላለ ሰው ነው ብዬ በየስብሰባው ስሟን እየጠራሁ ስምል ኖሬአለሁ። መጣችና «ምንም አይደል ጋሼ፣ የሚቀጥለው ይደርሰኛል» አለችኝ። እኔም «ማሽኑን ትንሽ ራስ ምታት ይዞት ነበር፣ ድኗል» አልኳት።

አልዳነም። የሚቀጥለው ተራዋ ሲደርስ መልእክት አልሄደላትም። በቅሎዋን ጭና ስትጠብቅ ዋለች፤ እንግዶቹ ግን ሌላ በቅሎ ይዘው ወጡ። ይኸኛው ጥፋት የማን እንደሆነ ለመናገር ይከብደኛል። የፊደል ነው ብዬ አልፈዋለሁ። በየሳጥኑ ላይ እንደ ጆንያ ምልክት የምንለጥፈው ስም አለ፤ ትእዛዙ የሚፈቅደው ምልክቱ ፊደል በፊደል ሲገጥም ብቻ ነው። ምልክቱን «በቅሎ» ብዬ ሰይሜዋለሁ፤ ግን በላቲን ፊደል ነዋ የሚጻፈው። ሳጥኑ ላይ ስጽፍ «ቅ»ን በፈረንጁ «ኬ» ጻፍኩት፤ ትእዛዙ ላይ ስጽፍ ደግሞ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ምሳ በልቼ ስለተመለስኩ ይሁን እንጃ፣ በ«ኪው»። ፈረንጆች ሁለቱንም «ክ» ብለው ያነቡታል፤ «ቅ» ጉሮሯቸው ውስጥ የለችም። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያየ በቅሎ ነው ብሎ ዘጋው። ይህን ለማግኘት ሦስት ቀን አፍጥጫለሁ። ዐሥር ጊዜ አየሁት፤ ዐሥሩንም ጊዜ «በቅሎ፣ በቅሎ» ብዬ አንብቤ ልክ ነው አልኩ።

በዚህ ጊዜ ጥሩዬ ቢሮ መጣች። ማልቀስ የለ፣ መቆጣት የለ።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ሆነ» አለች።

«አውቃለሁ። ፊደል ነው።»

«እኔ ፊደሉን አላውቅም። የሚቀጥለው ካለፈኝ ዳማን አምባ ጊዮርጊስ አውርጄ ለእህል ነጋዴ እሸጣታለሁ። ያለ ሥራ ላቆማት አልችልም።»

አምባ ጊዮርጊስ ያሉት እህል ነጋዴዎች በቅሎ ላይ የሚጭኑትን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያቺ ዳማ እንግዳ ተሸክማ፣ ቀስ ብላ፣ ገደሉን እያየች የለመደች ናት። አንድ ክረምት የጤፍ ጆንያ ብታመላልስ ጀርባዋ ያልቅላታል። ከዳማ ጋር ጥሩዬም ከማኅበሩ ትወጣለች፤ ያለ በቅሎ አባል የለምና።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን ነገሩን አንዴ እስከ መጨረሻው ላጠብቀው ብዬ የመጨረሻውን ቪዲዮ ከፈትኩ። ያ ህንዳዊ እዚህ ላይ «በር መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ የሚያንኳኳው ሰው እሱ ራሱ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ይላል። እውነቱን ነው! ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሳጥን መታወቂያ ይሰጠዋል። ሁለቱ ከመነጋገራቸው በፊት አንዱ የአንዱን መታወቂያ ያያል፤ ማኅተሙንም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግልም ያጣራል። ከተስማሙ በኋላ የሚነጋገሩትን ቆልፈው ነው የሚልኩት፤ መንገድ ላይ ቢያዝ ማንም አያነበውም። ማኅተሙ አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ሦስተኛው ላይ። ሠራሁት። ሠራ። ለሦስት ሳምንት በከተማው ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ ስሄድ ነበር፤ ሰዎች አንገቱን አመመው ወይ ብለው ባለቤቴን እስኪጠይቋት።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ሦስተኛዋ ኮምፒውተር፣ ያቺ የፎቶ ቤቷ አሮጊት፣ ዘመኑን ረስታ ተነሳች። ሆዷ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ አለች፤ ሰዓትና ቀን የምታስታውሰው በሷ ነው፣ እሷም ሞታለች። አዲስ የሚገኘው ጎንደር ነው። ለአንዲት ቁልፍ ብዬ ደባትን አምባ ጊዮርጊስን አቆራርጬ ጎንደር ልውረድ? አልወርድም አልኩ። ሌላው ሰው ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ሰዓት እንዲጠይቅ ይተወዋል፤ እኔ ግን ያንንም በር ዘግቼዋለሁ። የማላውቀው ባዕድ ነው እንዴ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚነግረኝ? በእጄ ሞላሁት። ደግሞ እንዴት በጥንቃቄ! ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ቢሮው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ፤ ሰዓቱን ከእጄ ሰዓት ላይ። መነጽሬን ጠርጌ ሁለት ጊዜ አመሳከርኩት። እንከን የለውም።

በዚያው ዕለት ጠዋት ቁርስ ልበላ ቤቴ እንደገባሁ አቶ ደሳለኝ ደወለ። «ጋሼ፣ እንግዶች መጡ። ለነገ ጎህ ሲቀድ አራት በቅሎ ይፈልጋሉ። ኩበትነቱን ከፍተው ተረኞቹን ያውጡልን።»

ከቤት ወጥቼ ተመልሼ ቢሮ ገባሁ። ከፈትኩት፤ አልከፈት አለ። አቶ ደሳለኝ ራሱ መጥቶ «ተረኛ አውጣ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነው፤ ምንም። ደግሞ ተጫነው፤ ምንም። ጥሩዬ ቀድማን መጥታ ጥግ ላይ በተቀመጠ የበቅሎ ኮርቻ ላይ ተቀምጣለች። ከአራቱ አንዷ እሷ መሆኗን ታውቃለች፤ ቆጥራዋለችና።

«እስከ ዐሥር ሰዓት እጠብቃለሁ» አለ ደሳለኝ። «በቅሎው በየገጠሩ ነው ያለው፤ ከዐሥር ሰዓት ካለፈ ለሰው ነግሬ አላደርስም። ዕጣ አወጣለሁ።»

ጥሩዬ ነጠላዋን ብቻ ሳብ አደረገች።

የሦስተኛዋን ኮምፒውተር ማስታወሻ ገለጥኩት። እንግሊዝኛው «የመታወቂያው ጊዜ አልፏል ወይም ገና አልደረሰም» ይላል፤ ከኋላው ረጅም የቁጥር ጅራት ተከትሎታል። የቁጥር ጅራት አላነብም። የፓምፑም መመሪያ ላይ ሰንጠረዡን ዘልዬው ነው ያለፍኩት። «ወይም» የሚለውም አላስጨነቀኝም፤ በዓለም ላይ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ የያዘ ሰው ሞልቷል፣ ገና ያልተወለደ መታወቂያ የያዘ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አልፏል ማለት ነው። አዲስ መታወቂያ አተምኩ። «ጊዜው አልፏል ወይም» አለ። ሌላ አተምኩ። «ጊዜው አልፏል ወይም» አለ። ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን መታወቂያ አርጅቷል ይለኛል! ሦስተኛ ጊዜ ሳትም ድምፄን ከፍ አድርጌ ኮምፒውተሩን «አንተ ባለጌ» አልኩት። አቶ ደሳለኝ እሱን የተሳደብኩ መስሎት ዞረ፤ አላስተባበልኩም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ኩራቴን ውጬ ሰናይት ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ! ቆይተህ ደወልክ። ምን ተበላሸ?»

«ምንም የተበላሸ የለም። ጥያቄ ነው» ብዬ ነገርኳት።

«የመታወቂያ ነገር ከሆነ መጀመሪያ ሰዓት ነው የሚታይ። የማሽኖቹ ሰዓት ልክ ነው?»

እጄን አየሁ። ኮምፒውተሯን አየሁ። «ደቂቃ ሳያልፍ! ከእጄ ሰዓት ጋር እኩል ነው።»

«ቀኑስ?»

ግድግዳውን አየሁ። «ልክ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ስሚ አንቺ፣ እኔ ሰዓት መቁጠር የጀመርኩ አንቺ ሳትወለጂ ነው!»

«እሺ እሺ» አለችና ሌላ ነገር ሁሉ አስነካካችኝ። ይህን አጥፋ፣ ያን አስነሳ። እሷ ያለችውን ሳደርግ አንዱ ያልቆመ ሳጥን ነበር፤ እሱም ቆመ። «ስብሰባ አለብኝ ጋሼ፣ ማታ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። ማታ! ማታ ዳማ ተሸጣለች።

ስምንት ሰዓት አለፈ። አቶ ደሳለኝ በየዐሥር ደቂቃው ቁልፉን እየመጣ ይጫናል፤ በጣት ብዛት የሚከፈት ይመስል። ከዚያ ወረቀት መቅደድ ጀመረ፤ ዕጣ እያዘጋጀ ነው። ጥሩዬ ወረቀቱ ሲቀደድ ታያለች። እኔ እሷን ላለማየት ኮምፒውተሩን አያለሁ። እንዲህ ያለ ቀን ለጠላቴም አልመኝም፤ ጠላቴ ግን ኩበርኔቲስ የማይሠራ ሰው ነውና አይደርስበትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሪጌታ ኅሩይ ገቡ። መሪጌታ ደረስጌ በኩል ነው የመጡት፤ በቅሎ ስላላቸው የኛው አባል ናቸው። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን የባሕረ ሐሳብ ሰው ናቸው፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ ምን ላይ እንደሚውል ጣታቸውን ቆጥረው የሚናገሩ። እኔን ላስተምርህ ያሉኝ ብቸኛ ሰው ናቸው ማለት እችላለሁ፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

«ምን ሆናችሁ? ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት» አሉ።

«ኩበትነቱ ተዘጋ» አለ ደሳለኝ።

መሪጌታ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ስክሪኑን ያዩ ጀመር። ሰው ሲያየኝ መሥራት አልችልም፤ ግን መሪጌታን ተነሱ አይባልም።

«ፊደሉን አላውቀውም፤» አሉ «ቁጥሩን ግን አውቀዋለሁ። ይኼ ምንድን ነው? ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት፤ አምስት፤ ሃያ አምስት።»

«ምንም አይደለም፤ ጅራት ነው።»

«ጅራት? ይኼማ ዛሬ ነው። ጥር አምስተኛ ወር አይደለችም? ጥር ሃያ አምስት።»

«እሺ፣ ዛሬ ነው።»

«ከሱ ቀጥሎ ያለውስ? ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት፤ ሁለት፤ ሁለት።» ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። «ይኼም ዛሬ ነው።»

«እንዴት ሁለቱም ዛሬ ይሆናሉ?»

«አንዱ በኛ፣ አንዱ በፈረንጁ ነዋ! ሁለቱም ዛሬ ናቸው። ታዲያ ምን ያጣላቸዋል?»

ያኔ ገባኝ። ማኅተሙ ያለበት አንደኛው ኮምፒውተር በፈረንጅ ዘመን ይኖራል፤ መታወቂያ ሲሰጥም በዚያው ቀን ይሰጣል። ሦስተኛዋ አሮጊት ግን፣ እኔ በእጄ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ሁለት ጊዜ አመሳክሬ፣ በኢትዮጵያ ዘመን አስቀምጫታለሁ! መታወቂያው ሲመጣላት ታየዋለች፤ «ይኼ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚሰጥ ነው፣ ገና አልተወለደም» ትልና ትመልሰዋለች። አዲስ ባተምኩላት ቁጥር ያው ገና ያልተወለደ ነው የምሰጣት። የሰዓቱማ አይነሳ፤ እሷን ጠዋት ሦስት ሰዓት ስላት ለፈረንጁ ሌሊት ነው።

«ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው እላለሁ እኔ፤» አለ ደሳለኝ «ስምንት ከየት መጣ?»

ይህን መሪጌታ ፊት መጠየቅ አልነበረበትም። «ልጄ፣» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «ከኛ መስከረም እስከነሱ አዲስ ዓመት ድረስ ሰባት ነው። የነሱ ዘመን ሲገባ ስምንት ይሆናል። ይኼውም ዓመተ ዓለሙን ስንደምር...»

«መሪጌታ፣ በእግዚአብሔር! ዐሥር ሰዓት ሊሆን ነው!» አልኩ።

«አንተ ነህ ዘመን ያቃወስከው፣ እኔን ታቻኩለኛለህ?»

ሰዓቱን ለማቅናት ተነሳን። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነው፤ በፈረንጅ ስንት ነው? ደሳለኝ ስድስት ቀነሰና ሦስት ከአርባ አለ። እኔ ደመርኩና ዐሥራ አምስት ከአርባ አልኩ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አሉ መሪጌታ፤ ዛሬ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ምንም የማይሠራበት ቀን ነው። ደሳለኝ «የኔን አስገቡ» አለ፤ እንደሱ ብናደርግ ኖሮ ያቺ አሮጊት ከሰዓት በኋላውን ውድቅት አድርጋው ነበር። ዐሥራ አምስቱን አስገባሁ። ከዚያ እልሄን ዋጥ አድርጌ፣ ባዕዱ ሰዓት እንዲነግራት ያንን የዘጋሁትን በር በአንዲት ጣት ያህል ከፈትኩለት። መታወቂያውን ደግሜ አተምኩ። አየችው። ዝም አለች። ከዚያ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ፣ ተኮራርፈው እንደታረቁ ዘመዶች፣ መነጋገር ጀመሩ።

መዝገቡ ተከፈተ። ከአራቱ ተረኞች ሦስተኛዋ፦ ወይዘሮ ጥሩዬ።

ልናገር አፌን ስከፍት የጥሩዬ ስልክ ጮኸ። አውጥታ ለመሪጌታ ሰጠቻቸው። «መነጽር አልያዝኩም፣ ያንብቡልኝ።»

«ተራዎ ደርሷል፤ ነገ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በቅሎዎን ይዘው ይገኙ» አነበቡ መሪጌታ። ሳይጨርሱ ደግሞ ጮኸ። ያው መልእክት ነው። ደግሞ። ደግሞ። ደሳለኝ ቀኑን ሙሉ ቁልፉን የተጫነውን ያህል ጮኸ፤ ሳጥኖቹ ለካ እያንዳንዷን ጭነት በትዕግሥት ይዘው ኖረዋል። መሪጌታ ሁሉንም እየከፈቱ፣ ልዩነት ይኖረዋል ብለው ይመስለኛል፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ይኼን ልትነግሩኝ ነው ቀኑን ሙሉ?» አለች ጥሩዬ። «እዚሁ ፊታችሁ ተቀምጬ?»

«መታወቂያሽ መረጋገጥ ነበረበት» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ደሳለኝ የቀደደውን ወረቀት ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ጥሩዬ ተነሳች፤ ዳማን ከግጦሽ አስመጥታ ማሳደር አለባት። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞረች።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ተራዬን ማንም አይነካብኝም?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ተነስቼ ቆምኩ። «ማንም! በየበሩ ዘበኛ ቆሟል። ስሙ ያልተመዘገበ አያልፍም፤ መታወቂያ የሌለው አይነጋገርም፤ የሚነጋገሩትም ተቆልፎ ነው የሚሄድ። ሌባ ከአሜሪካ ቢመጣ...»

«ሌባ እስከ ዛሬ መጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም። ግን ቢመጣ...»

«ታዲያ ሁለቱን ጊዜ ተራዬን የወሰደብኝ፣ ዛሬም ሊያስወስደኝ የነበረው ማነው?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደሳለኝ ጣሪያውን ያየው ጀመር።

«እርስዎ እዚያ ውስጥ ሲገቡ ዘበኛው ምን ይልዎታል?» አለችኝ ጥሩዬ።

«እኔንማ ያሳልፈኛል» አልኩ።

«እሱን ነው የፈራሁ» ብላ ዳማን ልታመጣ ወጣች።